የምናውቃቸው የሚመስሉን የፈረንሳይኛ ቃላት፦ ትርጉማቸውና አጠቃቀማቸው

ፈረንሳይኛ መማር የሚጀምር ኢትዮጵያዊ ባዶ እጁን አይጀምርም። በየዕለቱ ከሚናገራቸው የአማርኛ ቃላት መካከል ከዚያ ቋንቋ የተወሰዱ ብዙ ናቸው። ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ አንድ ሚኒስቴር የሄደ ባለጉዳይ ቢሮ ገብቶ፣ ዶሴውን አስወጥቶ፣ ማመልከቻው ላይ ቴምብር ለጥፎ ሲመለስ አራት የፈረንሳይኛ ቃላትን ተጠቅሟል፤ ራሱ ግን አማርኛ እንጂ ሌላ ቋንቋ የተናገረ አይመስለውም።

ይህ ለተማሪው ትልቅ ስንቅ ነው፤ ሆኖም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፈጽሞ የማናውቀው ቃል ሲያጋጥመን መዝገበ ቃላት እንገልጣለን፣ አዋቂ እንጠይቃለን። የምናውቀው የሚመስለንን ቃል ግን ሳንጠይቅ እናልፈዋለን። ስሕተትም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚህ በር ነው። ስሕተቱ በክፍል ውስጥ ሲፈጸም በመምህሩ እርማት ያልቃል፤ በቪዛ ማመልከቻ፣ በሐኪም ፊት ወይም በቤት ኪራይ ውል ላይ ሲፈጸም ግን ጊዜና ገንዘብ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ያስከፍላል።

ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የጎረቤታችን የጅቡቲ የሥራ ቋንቋ፣ መቀመጫውን አዲስ አበባ ላይ ካደረገው የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎችም አንዱ ነው። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ቤልጂየም፣ ወደ ስዊዘርላንድ ወይም ወደ ካናዳዋ ኬቤክ የሚሄዱ ዜጎችም ይገለገሉበታል። ይህ ጽሑፍ ጀማሪ ተማሪዎች በብዛት የሚያገኟቸውንና በቀላሉ የሚያሳስቱትን ቃላት መርጦ ትርጉማቸውንና አጠቃቀማቸውን ያብራራል።

ቃላቱ ወደ አማርኛ የገቡበት መንገድ

የፈረንሳይኛ ቃላት በብዛት ወደ አማርኛ የገቡት በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥትና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ነው። በዚያ ዘመን ፈረንሳይኛ የዓለም የዲፕሎማሲ ቋንቋ ነበረ። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ አዲሱ የመንግሥት አሠራር አዳዲስ መጠሪያዎችን ይዞ መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የፈረንሳይኛ ቃላትም አብረውት ተጓዙ። ዛሬ ‹ለገሃር› የምንለው ስም ‹ላ ጋር› ከሚለው የመጣ ሲሆን ‹ጋር› ማለት የባቡር ጣቢያ ነው፤ ‹ላ› በአንስታይ ጾታ የሚነገረውን ስም የሚያመለክት መስተአምር ነው። በእኛ ዘንድ ለገሃር አንድ ሰፈር ነው፤ በፈረንሳይኛ ግን የትኛውም ከተማ የራሱ ‹ጋር› አለው።

አንዳንዱ ቃል መንገዱን ተጉዞ ትርጉሙን ሳይለውጥ ደርሷል። ‹ቡፌ› በአማርኛ የዕቃ ማስቀመጫ ቁም ሣጥንም፣ እንግዳ ራሱ እያነሣ የሚመገበው ግብዣም ነው፤ በፈረንሳይኛም ሁለቱንም ነው። ሌሎች ግን በመንገድ ላይ ጠብበዋል፣ ሰፍተዋል ወይም ቦታ ቀይረዋል።

የመንግሥት ሥራ ቃላት

*ሚኒስትርና ሚኒስቴር።* አማርኛ ሹሙን ‹ሚኒስትር›፣ መሥሪያ ቤቱን ‹ሚኒስቴር› ብሎ ይለያል። ይህ ልዩነት ከፈረንሳይኛው ጋር አንድ ስለሆነ ተማሪው እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል። ‹ሚኒስትር ዴኤታ› ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። መጠሪያው በቀጥታ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን ‹ኤታ› መንግሥት ወይም አገር ማለት ነው። በኢትዮጵያ ሚኒስትር ዴኤታ ከሚኒስትሩ በታች ያለ ኃላፊ ነው። በፈረንሳይ ግን ይኸው መጠሪያ በክብር ቅደም ተከተል ከሌሎች ሚኒስትሮች ከፍ ለሚደረግ ሚኒስትር የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ስለሆነም አንድ ተርጓሚ መጠሪያውን እንዳለ ወደ ፈረንሳይኛ ቢመልሰው የሹሙን ደረጃ ከፍ ያደርገዋል።

*ኤታማዦር።* በፈረንሳይኛ ‹ኤታ ማዦር› የአንድ ሰው መጠሪያ አይደለም፤ አዛዡን የሚያግዙ መኮንኖች በአንድነት የሚጠሩበት ነው። የእነርሱ የበላይ ‹ሼፍ ዴታ ማዦር› ይባላል፤ ‹ኤታማዦር ሹም› የምንለው ይህን ነው። በዚህ ውስጥ ያለው ‹ሼፍ› አለቃ ማለት መሆኑን ልብ ይሏል። በአማርኛ ሼፍ የወጥ ቤት ባለሙያ ብቻ ነው፤ በፈረንሳይኛ ግን የባቡር ጣቢያ ኃላፊም፣ የአንድ ክፍል ኃላፊም፣ የአገር መሪም ‹ሼፍ› ናቸው።

*ቢሮ።* ቃሉ መጀመሪያ በጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ሻካራ የሱፍ ጨርቅ ስም ነበር፤ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉም ወደ መሥሪያ ቤቱ ተሸጋገረ። እኛ የመጨረሻዎቹን ሁለት ትርጉሞች ወሰድን። ስለዚህ አንድ ፈረንሳዊ «ሰነዱ ቢሮዬ ላይ ነው» ሲል በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ማለቱ ነው።

*ዶሴ።* በአማርኛ ዶሴ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የፍርድ ቤት ወይም የፖሊስ መዝገብ ነው። በፈረንሳይኛ ቃሉ እንዲህ ያለ ጥላ የለበትም። ለዩኒቨርሲቲ የሚቀርበው የማመልከቻ ሰነድ ስብስብ ዶሴ ነው፤ የሕክምና ማኅደርም ዶሴ ነው። «ዶሴዎ አልተሟላም» የሚል ደብዳቤ የደረሰው አመልካች ሊደነግጥ አይገባውም፤ የጎደለውን ሰነድ ፈልጎ ማያያዝ ብቻ ይጠበቅበታል።

*ቴምብር።* በሁለቱም ቋንቋዎች የፖስታ ቴምብርንም የቀረጥ ቴምብርንም ያመለክታል። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ግን በፈረንሳይኛ ‹ካሼ› ወይም ‹ታምፖን› ይባላል። ‹ካሼ› በመድኃኒት ቤት ሲነገር ደግሞ የሚዋጥ እንክብል ማለት ነው። ቦታው ትርጉሙን ይወስነዋል።

ቅጽ በሚሞላበት ጊዜ

በማንኛውም ቅጽ ላይ በቅድሚያ የሚገኙት ሁለት ቃላት ‹ኖም› ተብለው ተጽፈው ‹ኖን› ተብለው የሚነበቡትና ‹ፕሬኖን› ናቸው። የመጀመሪያው በንግግር ስም ማለት ሲሆን በቅጽ ላይ ግን የቤተሰብ መጠሪያ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ወላጆች ለልጁ ያወጡለት ስም ነው። የእኛ ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ የአባቱንና የአያቱን ስም ያስከትላል እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ መጠሪያ የለውም። ‹ኖም› የሚለውን አይቶ የራሱን ስም የሚሞላ አመልካች በአንዱ ሰነድ በአንድ ስም፣ በሌላው በሌላ ስም ይመዘገባል። በኋላ ሁለቱ ሰነዶች የአንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት አድካሚ ነው። መፍትሔው አንድ ነው፦ በሁሉም ቅጾች ላይ በፓስፖርቱ የሰፈረውን አከፋፈልና የፊደል አጻጻፍ ሳይለውጡ መከተል።

የትውልድ ቀን በቀን፣ በወርና በዓመት ቅደም ተከተል ይጻፋል፤ አቆጣጠሩ የጎርጎርዮሳውያኑ ነው። ‹ፒየስ› የሚለው ቃል ቁራጭ፣ የቤት ክፍል፣ ሳንቲም፣ ተውኔትና ሰነድ ማለት ሲሆን በቅጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሰነድን ያመለክታል፤ ‹ፒየስ ዲዳንቲቴ› መታወቂያ ማለት ነው። ‹ዶማንድ› ማመልከቻ ወይም ጥያቄ ነው፤ በእንግሊዝኛ ያለው የማስገደድ ስሜት የለውም። ‹ሊዩ ኤ አፕሩቬ› የሚለውን ሐረግ በእጅ ጽፈው እንዲፈርሙ ከተጠየቁ ትርጉሙ «አንብቤ ተስማምቻለሁ» ስለሆነ ሳያነቡ መጻፍ አይገባም።

በቅጽም በንግግርም ወንድ ‹መስዩ›፣ ሴት ‹ማዳም› ይባላሉ። ላላገባች ሴት ይውል የነበረው ‹ማድሟዜል› በፈረንሳይ ከመንግሥት ቅጾች እንዲወጣ በ2012 እ.ኤ.አ. ተወስኗል።

ሰላምታ፣ አክብሮትና መልስ አሰጣጥ

‹ቦንዡር› ከሰላምታነት ያለፈ ሥራ አለው። በሱቅ፣ በመሥሪያ ቤት መስኮት ወይም በአውቶቡስ ላይ ማንኛውም ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት ‹ቦንዡር› መባል አለበት። ያለ እርሱ የቀረበ ጥያቄ፣ ቃሉ የቱንም ያህል የታረመ ቢሆን፣ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። «ጤና ይስጥልኝ» ሳይል ነገር የማይጀምር ማኅበረሰብ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም። ሲመሽ ‹ቦንስዋር› ይባላል። ‹ቦን ኒዊ› ግን ለመተኛት የሚለያዩ ሰዎች የሚባባሉት ስለሆነ ወደ ቤት ሲገቡ አይባልም።

‹ቲዩ› እና ‹ቩ› የሚለያዩት እንደ አማርኛው ‹አንተ› እና ‹እርስዎ› ነው። ልዩነቱ፣ ‹ቲዩ› ለወንድም ለሴትም አንድ መሆኑ፣ ‹ቩ› ደግሞ ‹እናንተ› ለማለትም ማገልገሉ ነው። ለማያውቁት አዋቂ ሰው፣ ለሹም፣ ለመምህርና ለሐኪም ‹ቩ› ማለት ይገባል።

‹ሜርሲ› ምስጋና ነው። ምግብ ወይም መጠጥ ሲቀርብልን ብቻውን፣ በተለይ ከእጅ ምልክት ጋር ከተነገረ ግን «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ» ማለት ሊሆን ይችላል። የቀረበለትን የሚፈልግ ሰው ‹ዊ፣ ሜርሲ› ወይም ‹ሲል ቩ ፕሌ› ቢል ይሻለዋል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ለአሉታዊ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። በአማርኛ «ምሳ አልበላህም?» ተብሎ የተጠየቀና ያልበላ ሰው «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል፤ «አዎ» የጠያቂውን አነጋገር ያጸድቃል። በፈረንሳይኛ ግን መልሱ የሚከተለው እውነታውን ነው። ካልበላ ‹ኖን› ይላል። ከበላ ደግሞ ‹ዊ› ሳይሆን ‹ሲ› ይላል፤ ‹ሲ› አሉታዊ አነጋገርን የሚያፈርስ አዎንታ ነው። አንድ ሐኪም «የማይስማማዎ መድኃኒት የለም?» ብሎ በፈረንሳይኛ ቢጠይቅና ሕመምተኛው በአማርኛ ልማዱ «አዎ» ለማለት ‹ዊ› ቢል፣ ሐኪሙ «አለ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። አለኝ ለማለት የፈለገ ሰው ‹ኖን› ቢል ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ተማሪ በእንዲህ ያለ ጊዜ በአንድ ቃል መልስ ሳይወሰን ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲናገር ይመከራል።

ሰዓት፣ ቀንና ቊጥር

ፈረንሳይኛ ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ በጽሑፍና በመሥሪያ ቤትም እስከ 24 ይቆጥራል። ‹ዲዝ ኧር› ቃል በቃል 10 ሰዓት ቢሆንም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ለቃለ መጠይቅ ‹ዲዝ ኧር› ላይ የተቀጠረ ሰው በአማርኛው 10 ሰዓት ቢሄድ ስድስት ሰዓት ዘግይቷል። ‹ኬንዝ ኧር› ማለትም 15 ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ‹ሚዲ› የቀኑ 6 ሰዓት፣ ‹ሚኒዊ› የሌሊቱ 6 ሰዓት ናቸው።

በቀናት አቆጣጠር ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይገናኛሉ። ፈረንሳዮች አንድ ሳምንትን ‹ዩዊ ዡር›፣ ስምንት ቀን ይሉታል፤ ሁለት ሳምንትን ደግሞ ‹ኬንዝ ዡር›፣ ዐሥራ አምስት ቀን። ለሌላ ተማሪ ይህ ግራ ያጋባል፤ ‹ሳምንት› የሚለውን ቃል ከ‹ስምንት› ላገኘና «የዛሬ ዐሥራ አምስት ቀን» እያለ ለሚቀጥር አማርኛ ተናጋሪ ግን የቤቱ ነገር ነው።

በቊጥር በኩል ከ70 እስከ 99 ያለው ልምምድ ይጠይቃል። በፈረንሳይ 70 ‹ስዋሳንት ዲስ› ማለትም ስድሳ ዐሥር፣ 80 ‹ካትር ቬን› ማለትም አራት ሃያ፣ 90 ‹ካትር ቬን ዲስ› ማለትም አራት ሃያ ዐሥር ይባላል። የስልክ ቊጥር በሁለት በሁለት አኃዝ ስለሚነገር 72ን የሚሰማ ተማሪ 60 ብሎ ጽፎ 12 ሊያስከትል ይችላል። በቤልጂየምና በስዊዘርላንድ 70 ‹ሴፕታንት›፣ 90 ‹ኖናንት› በመባላቸው ይቀላል።

የምግብ ሰዓት ስሞችም በአገር ይለያያሉ። ‹ዴዠኔ› በፈረንሳይ ምሳ፣ በቤልጂየም፣ በስዊዘርላንድና በኬቤክ ቁርስ ነው። ‹ዲኔ› በፈረንሳይ እራት ሲሆን በሌሎቹ ዘንድ ምሳ ነው። ግብዣ የደረሰው ሰው ሰዓቱን ጨምሮ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

በእንግሊዝኛ በኩል የሚመጣ ስሕተት

አብዛኛው ተማሪ ፈረንሳይኛን የሚጀምረው እንግሊዝኛ ካወቀ በኋላ ስለሆነ የሁለቱ ተመሳሳይ ቃላት ያሳስቱታል። ‹ሊብሬሪ› መጻሕፍት መሸጫ ነው፤ መጻሕፍት የሚዋሱበት ቤት ‹ቢብሊዮቴክ› ይባላል። ‹ሎካሲዮን› አድራሻ ሳይሆን ኪራይ ነው። ‹ሜድሴን› ሐኪም፣ ‹ሜዲካማን› መድኃኒት ነው። ‹ሾፌር› በሙያው የሚያሽከረክር ነው፤ የራሱን መኪና የሚነዳው ‹ኮንዱክተር› ይባላል።

በትምህርት ማስረጃ ላይ የሚፈጠረው ግራ መጋባት ልዩ ትኩረት ይሻል። በፈረንሳይ ‹ኮሌዥ› ከፍተኛ ትምህርት ሳይሆን በ11 እና በ15 ዓመት መካከል ያሉ ልጆች የሚማሩበት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ሦስት ዓመት የሚወስደው ‹ሊሴ› ይመጣል። የሊሴ ማጠናቀቂያ ፈተና ‹ባካሎሬያ› ይባላል፤ ስሙ ቢመስልም የመጀመሪያ ዲግሪ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ‹ሊሳንስ› ነው፤ ‹ሊሳንስ› ደግሞ መንጃ ፈቃድ አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ ‹ፔርሚ ደ ኮንድዊር› ይባላል። የዲግሪ ማስረጃውን የሚያስተረጉም አመልካች ትርጉሙን ከእነዚህ ቃላት ጋር አመሳክሮ ቢያይ፣ ዲግሪው የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ተብሎ እንዳይመዘገብ ይጠብቀዋል።

ስለ ድምፅ

በዚህ ጽሑፍ የፈረንሳይኛ ቃላት በፊደላችን የተጻፉት ለማስታወስ እንዲረዱ እንጂ ትክክለኛውን አነባበብ እንዲተኩ አይደለም። ፊደላችን ለብዙ ድምፆች የተመቸ ቢሆንም በአፍንጫ የሚነገሩትን የፈረንሳይኛ አናባቢዎችና ከንፈርን አሹሎ የሚነገረውን ‹ኢ› አይለይም። ጉዳቱን አንድ ምሳሌ ያሳያል፦ «በላይ» እና «በታች» የሚሉት ሁለት ቃላት በፊደላችን ሁለቱም ‹ደሱ› ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። የሚለያቸው የመጨረሻው አናባቢ ብቻ ነው። የሚሰማውን ሁሉ በአማርኛ ፊደል የሚመዘግብ ተማሪ ከደብተሩ ላይ ላይና ታቹን መለየት ያቅተዋል። እንዲሁም ‹ፕሊዩስ› መጨረሻው ሲሰማ «ተጨማሪ»፣ ‹ፕሊዩ› ሆኖ በአሉታ ሲነገር «ከእንግዲህ የለም» ማለት ነው። በመሆኑም ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍና ከተናጋሪ አፍ ወይም ከድምፅ ቅጂ መስማት ግድ ነው።

ለተማሪዎች የሚሰጥ ምክር

አንደኛ፣ ቃልን ለብቻው ከማጥናት ይልቅ ከሚነገርበት ቦታ ጋር ማጥናት ይጠቅማል፦ ‹ካሼ› በመሥሪያ ቤት፣ ‹ካሼ› በመድኃኒት ቤት። ሁለተኛ፣ ስምን ከጾታ አመልካቹ ‹ለ› ወይም ‹ላ› ጋር አብሮ መያዝ፤ ‹ጋር› ብቻ ሳይሆን ‹ላ ጋር›። የለገሃርን ስም ያወጡት ሰዎች ሳያስቡት ጥሩ ተማሪዎች ነበሩ። ሦስተኛ፣ ከአማርኛ ወይም ከእንግሊዝኛ ጋር የሚመሳሰሉ ቃላትን በደብተር ላይ ለይቶ መዝግቦ ልዩነታቸውን ጎን ለጎን መጻፍ። አራተኛ፣ ሰዓትን፣ ስምንና ጤንነትን በሚመለከት ጉዳይ የተረዱትን ደግሞ ተናግሮ ማረጋገጥ።

የተዋሰናቸው ቃላት በአማርኛ ውስጥ ኖረው የእኛ ሆነዋል፤ የእኛን ትርጉም ይዘው መቀጠላቸውም ተገቢ ነው። ወደ መጡበት ቋንቋ ስንመለስ ግን በልጅነቱ ወጥቶ ሌላ አገር ያደገ ዘመድን እንደምናገኘው ሁሉ፣ መልኩን አውቀነው እንኳ አኗኗሩን መጠየቅ ይኖርብናል።